ግድግዳው የዳረው ልጅ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የሰፈሩ የለቅሶ ዕድር፣ የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን በፎጣ አስረው፣ የሚስታቸውን የወይዘሮ ዘሀራን ትከሻ ይዘው የሥራ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። ኮምቦልቻ ውስጥ ዓይኑን አስሮ የሚሄድ ሰው ሲታይ መንገደኛው ዞር ብሎ ያሳልፈዋል። ምን ሆነህ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰውየው የሌላ ሰው ሞት ይዟል ማለት ነው።

ፎጣ ያላገኘ መሬት መሬት እያየ ይሄዳል። ቀና ካለ ዓይኑ የሆነ ነገር ላይ ያርፋል፤ ያረፈበትን ደግሞ ነጥቧ ትወስዳለች።

ነጥቧን የማያውቅ የለም፣ በዓይኑ ያያትም የለም። ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች። አያቶቻችን ስልክ በእጃቸው ይዘው በሚዞሩበት ዘመን ድረ ገጽ ላይ ተደብቃ ማን መጣ፣ ምን አየ፣ ምን ያህል ቆየ እያለች ትመዘግብ ነበር አሉ። አሁን ገጹ ግድግዳው ነው። የሱቅ መስኮት፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የመድኃኒት መደርደሪያ፣ የመካነ መቃብሩ አጥር ሳይቀር ነጥብ አለበት። አሥር እስኪቆጠር አንድ ነገር ካየህ ታዳሚው ሆነሃል። አልጋ ካየህ የአልጋ ታዳሚ ነህ፤ ከዚያ ወዲያ ያለፍክበት ግድግዳ ሁሉ የአልጋ ማስታወቂያ ያነጥፍልሃል። ወር ሙሉ ዓይንህን ከነፈግከው ይተውሃል። የአንድ ግቢ ሰው ደግሞ ለነጥቧ አንድ ሰው ነው፤ የአንዱ ዓይን ለሌላው ይቆጠራል።

የኔ ሥራ ያኔ ታዳሚ መልቀም ነበር። ምስር ሲለቀም ያየ ሰው ሥራዬን አይቶታል፤ የሚገዛውን ወዲህ፣ የማይገዛውን ወዲያ። ቢሯችን ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። አሥሩ ዲግሪ ነበራቸው፣ አንዷ ትሠራ ነበር። ሙያውን የተማርኩት ቆራሌው ግቢ ከተጣለ የተሰነጠቀ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ስንጥቁ መሃል ላይ ስለነበር ግማሹን በግምት ነው ያነበብኩት። እስከዚያ ቀን ግምቴ ከድቶኝ አያውቅም ነበር።

«ትርንጎ አለሽ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

«አለሁ ጋሼ፤ በዚህ በኩል ነኝ።»

«ወፍጮ ቤት ነይ። ዓይንሽን ጠብቂ።»

ወፍጮ ቤቱ የከተማው የመጨረሻ ዕውር ቤት ነው። ነጥቧን ጠዋት ቢያጸዷት ከሰዓት ዱቄት ያለብሳታል። ቅሬው ሰው ሲሞትበት የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ ሰው ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ከወፍጮው ድምፅ በላይ እየተጯጯኸ በሹክሹክታ የሚነገረውን ይነጋገራል። ስደርስ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ቅንድባቸው ነጭ።

ጋሽ እንድሪስ ፎጣውን ፈቱ። «ምንተስኖት» አሉ።

ምንተስኖት የአከራዬ የእትዬ ሽታዬ ልጅ ነው። ያኔ ግቢያቸው ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። እትዬ ሽታዬ ሠላሳ ዓመት የባቡር ጣቢያው አስታዋቂ ነበሩ፤ ድምፃቸውን የማያውቅ የኮምቦልቻ ሰው የለም። ጡረታ ከወጡም በኋላ ልብስ ከገመድ ሳወርድ ዘግየት ካልኩ በመስኮት «ተሳፋሪ ትርንጎ፣ ዝናቡ ወደ ጣቢያው እየገባ ነው» ይሉኝ ነበር። ልጃቸው ጎዴ በረሃ የነፋስ ማማ ይጠግናል፤ በየወሩ ይመጣና እሳቸው «አግባ» ይሉታል፣ እሱ «ማማው ላይ ሴት አትወጣም» ይላል፣ እሳቸው «አንተ ውረዳ!» ይላሉ።

«ረቡዕ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ወድቆ። ወዲያው ነው አሉ፣ አልተሠቃየም። አስከሬኑ ቅዳሜ ረፋድ ይገባል። እህቱ ማኅሌት ከሚዛን ተነሥታለች፤ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ትደርሳለች። 'እኔ ሳልይዛት እንዳትነግሯት' ብላ አስምላናለች። እና ቅዳሜ ማለዳ እንነግራታለን። እስከዚያ ነው ጭንቁ።»

ጭንቁን ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። ዓመት ቀደም ብሎ የቅሬያችን አባል ባዩሽ፣ መድኃኒት ቤት ተሰልፋ ሳለች መደርደሪያው ጥቁር ሻሽ አውጥቶ «በሐዘንዎ ጊዜ አብረንዎት ነን» አላት። የምን ሐዘን ብላ ዞራ ስትጠይቅ ከኋላዋ የነበሩት መሬት መሬት አዩ። የአባቷን ሞት የሰማችው ከማታውቃቸው ሰዎች አንገት ነው። የወደቀችበት ጠባሳ እስከ ዛሬ ግንባሯ ላይ አለ።

«ሽታዬ ከሰው አፍ ትስማ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ሌላ አልጠየቅንሽም። ከሰው አፍ፣ ቤቷ ውስጥ፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ሆኖ።»

ያኔ ያልነገርኳቸውን እዚህ ልጻፈው። ባዩሽን የጣላትን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሰው ሲሞት ዘመድ አዝማዱ ድንኳን ያያል፣ ጥቁር ጥለት ነጠላ ያያል፣ የአስከሬን መኪና ያያል። አንድ ቀን መዝገቡን ስለቅም አንድ ነገር አየሁ። አርባ ሰው ድንኳን በሚያይበት መሃል ሁሌም አንድ ምንም የማያይ ሰው አለ። ሽንኩርት ይገዛል፤ ይስቃል፤ ስለ ዝናብ ያወራል። ያ ሰው ገና ያልተነገረው ነው። ከሁሉም የቀረበው ሐዘንተኛም እሱ ነው፤ ነገ ሲነገረው ዋጋ ሳይጠይቅ የሚገዛውም እሱ ነው። የማያዩትን በመፈለግ ታዳሚ መልቀም ማንም አስቦት አያውቅም ነበር። «ገና ያልሰሙ» የሚል ስም ሰጠሁት። ማስታወቂያው ከመርዶው በኋላ ይውጣ ብዬ ነበር፤ ባለ ዲግሪዎቹ ቀድሞ የተገኘ ይበልጣል አሉ። ዝም አልኩ። የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ።

«አንቺ እዚያው አይደለሽ?» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ። «ስሟን ፋቂያትና እንገላገል።»

«መፋቅ የሚችሉት ራሳቸው ናቸው፣ በጣታቸው ነክተው። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ የሰው ገመና እንዲጠበቅ።»

«እንግዲያ እናስነካታ።»

«ሲነኩት ከየትኛው ታዳሚ እንደሚፋቁ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይመጣል።»

ጋሽ እንድሪስ ሳቅ የመሰለ ነገር አወጡ። «ገመናዋን ለመጠበቅ ገመናዋን እንንገራት በይኛ!»

«ማን ምን አየ?» አልኩ። ወፍጮ ቤቱ እንደ ተማሪ ቤት ሆነ። አንዱ ድንኳን አይቷል። አንዷ ነጠላ፣ «ግን ሰባት ስቆጥር ዞሬያለሁ» አለች። የቅሬው ዕቃ ጠባቂ አቶ ፍሰሐ የአስከሬን መኪና አይቷል፤ «ታዲያ በዳበሳ ላምጣው?» ብሎ ተቆጣ። በልቤ ቆጠርኩ። በዚህ አካሄድ ግድግዳው ነገ ማለዳ እትዬ ሽታዬን ያገኛቸዋል።

አሳቡ የመጣልኝ ከአቶ ፍሰሐ ነው። ምን ምን ማከራየት እንዳለበት እየቆጠረ ነበር፦ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ የመንገደኛ መኪና።

«ይኼ እኮ የሠርግ ዕቃ ነው» አልኩ።

«ለሁለቱም አንድ ዕቃ ነው ያለን» አለ ተገርሞ።

ለግድግዳውም አንድ ነው። ሠርግና ልቅሶ የሚለይበት በጥቃቅኑ ነው፤ በቬሎ፣ በቀለበት፣ በኬክ። ሁለቱ ከተምታቱበት ደግሞ ሠርጉን ይመርጣል፤ ነጋዴው ሠርግ ይወዳል። ስልሳ አራት አባወራ አለን። አንዱ እትዬ ሽታዬ ናቸው። የቀሩት ወጥተው ሳይመሽ እያንዳንዳቸው ሦስት ቦታ ቬሎና ቀለበት አሥር እስኪቆጠር ካዩ ግድግዳው ልቅሶውን ይረሳል፤ እኔ ግን የእሳቸው ግቢ ሰው ስለሆንኩ መሬት መሬት አያለሁ። ስናገር ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረ፤ አልዋሽም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ የኮምቦልቻ ቬሎ ቤቶች አይተው የማያውቁትን ገበያ አዩ። አቶ ፍሰሐ የቀለበት መስኮት ላይ ግንባሩን አስደግፎ ይቆጥራል። ሁለት የመስጊድ ሰዎችና አንድ ዲያቆን ባለ ሰባት ደርብ ኬክ ፊት ቆመው «አንተ ጨረስክ?» ይባባላሉ። የቬሎ መስኮት ፊቱ የቆመውን ሰው አልብሶ የሚያሳይ ነው፤ ጋሽ እንድሪስ ነጭ ሪዛቸው ላይ ዓይነ ርግብ ወርዶባቸው ደነገጡ።

«ትርንጎ፣ ይኼ ነገር እኔ ላይ ምን ይሠራል?»

«ልክዎ ነው ጋሼ። ወገቡ ብቻ ትንሽ ይጠብቅ።»

«አላህ ይይልሽ!» አሉና መቁጠር ጀመሩ። «አንድ። ሁለት። ሦስት…» ሰባት ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ምንተስኖትን ልጅ ሆኖ ብስክሌት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እንባ የሞላው ዓይን ለነጥቧ የተዘጋ ዓይን ነው፤ አትቆጥረውም። በፎጣው ጠረጉና እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩ። እትዬ ሽታዬ ከ«ገና ያልሰሙ» ወጥተዋል። ቬሎ ከሚያዩ ስልሳ ሦስት አባወራዎች መሃል ምንም የማያዩ አንድ ሴት ሆነው፣ ግድግዳው ሌላ ስም ሰጥቷቸዋል፦ «የሙሽራው እናት»። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ዓርብ ጠዋት ከሥራ ቀርቼ ገበያ ተከተልኳቸው። ዘንቢላቸውን ቀማኋቸው። ከግቢያችን ሲወጣ ያለው ግድግዳ ሁልጊዜ የጉልበት ቅባት ነው የሚያሳያቸው፤ እሳቸውም «ደህና አደርክ፣ አንተ ወሬኛ» ብለውት ያልፋሉ። ዛሬ ቅባት የለም። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ አንገቱ በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ በእሳቸው ቁመት ቆሞ ጠበቃቸው።

«ይኼ ደግሞ ተሳስቷል» አሉ።

የባጃጅ ተራው ላይ ኬክ። ከባንኩ ጎን በአበባ ያጌጠ መኪና። ሽንኩርት ሻጯ ዘንድ ደግሞ ሚዛኑ ራሱ «ለስድስት መቶ ሰው ስንት ኪሎ ይበቃል?» ብሎ ጠየቃቸው። እትዬ ሽታዬ ሽንኩርቱን ጨብጠው ቀሩ።

በኛ ዘመን የሚባል አባባል አለ፦ ሰው ይደብቅሃል፣ ግድግዳ ይነግርሃል። የእርግዝናዋን ወሬ ከግድግዳ የሰማች አለች፤ ባሏ ሊፈታት መሆኑን ከሻንጣ ማስታወቂያ ያወቀች አለች። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የማውቀውን ማሰብ ረስቼ ነው። አንዲት እናት ግድግዳው የሚላትን እንደምታምን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

«ትርንጎ።»

«አቤት እትዬ።»

«ይኼ ተንኮለኛ ልጅ ሊያገባ ነው!»

ዘንቢሉን ከአንድ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ደብቀውኝ ነው። ትናንት ዘሀራን ቬሎ ቤት በር ላይ አየኋት፤ ስታየኝ ሸሸች። ዘሀራ በዚህ ዕድሜዋ ቬሎ ምን ያደርግላታል? ምንተስኖትም ከረቡዕ ጀምሮ ስልክ አያነሳም። እኔ ሞኟ ማማ ላይ ሆኖ ነው እላለሁ! ለካ አፉ ስለማያርፍ ነው፤ ካነሳ ይነግረኛል።» እጄን ያዙ። መዳፋቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። «የግድግዳ ቤት ሠራተኛዋ አንቺ ነሽ። ልጄ ሊያገባ ነው? አዎ ወይም አይደለም በይኝ።»

አይደለም ብል ሌላ ጥያቄ ይመጣል። አዎ ማለት ደግሞ አፌ አልቻለም።

«እኔ ምኑን አውቄ» አልኩና ፈገግ አልኩ።

«ሂጂ፣ ዓይንሽ ይናገራል!» ጉንጬን ቆነጠጡኝ። ከዚያ ገበያው መሃል ቆመው፣ ከተማው አሥር ዓመት ያልሰማውን ድምፅ አወጡ፦ «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ለረጅም ጊዜ የዘገየው ባቡር ወደ ጣቢያው እየገባ ነው!» ሽንኩርት ሻጮቹ ሳቁና እልል አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከሰዓት ቤታቸውን ገለበጡት። ምንጣፍ ተራገፈ፣ መጋረጃ ወረደ። አቶ ፍሰሐ ዘንድ ሰው ልከው ከቅሬው ዕቃ ቤት አሥራ ሁለት ወንበር አስመጡ፤ ፍሰሐ እምቢ የሚልበት ቃል አጣ። ወይዘሮ ዘሀራን ጠርተው «ሁሉን አውቄዋለሁ፣ ከእንግዲህ አትድከሙ» ቢሏቸው ዘሀራ መርዶው የተሰማ መስሏቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እትዬ ሽታዬ እየሳቁ አነሷቸው፤ «ለደስታ ማልቀስ የኔ ፈንታ ነው፣ አንቺ ምን ቆርጦሽ!» አሏቸው።

ወፍጮ ቤት ስገባ ማንም አልተጯጯኸም። ወፍጮው ራሱ ቆሟል።

«እኔ ከክፉ ወሬ ጠብቂያት አልኩሽ እንጂ ልጇን ዳሪላት አልኩሽ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው ጋሼ። ግድግዳው አልነገራቸውም፤ ያላችሁኝን አድርጌያለሁ።»

«አድርገሻል። መሬት ላይ ቆማ ብትወድቅ ኖሮ እናነሳት ነበር። አንቺ ሰገነት ላይ አወጣሽብን። ነገ እኛ ነን ገፍተን የምንጥላት።»

«እንግዲያው አሁኑኑ እኔ ልንገራቸው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብቻውን የሚናገር ግድግዳ ነው ልጄ።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ማኅሌት ከወፍጮ ቤት ወጣች፤ ሁለት ቀን የተጓዘችበት ፊቷ ላይ ዱቄት ተጨምሮበታል። አሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ከፊቷ ሄዱ፤ ሴቶቹ ከኋላ። እኔ ከሴቶቹም ኋላ።

ሳይንኳኳ በሩ ተከፈተ። እትዬ ሽታዬ ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ጸጉራቸው ተሠርቷል። ከኋላቸው አሥራ ሁለቱ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል።

«ሽምግልና ስትሄዱ ከዚህ ቤት እንደምትነሱ አውቄ ነው እንቅልፍ ያጣሁት» አሉ። «ግቡ፣ ግቡ። የልጅቷ አገር ሩቅ ነው? እህል ሳትቀምሱ አትወጡም።»

ሽማግሌዎቹ ገቡ። አልተቀመጡም።

«ምነው ተቀመጡ እንጂ! እንድሪስ፣ አንተ እንኳ—» ያኔ ማኅሌትን አዩ። «አንቺም ተደብቀሽ መጣሽ! እናንተ ሌቦች!» ብለው አቀፏት።

ማኅሌት እናቷን አቀፈችና አለቀቀችም። እትዬ ሽታዬ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ፤ «በቃ፣ በቃ ልጄ» አሉ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። በማኅሌት ትከሻ ላይ ሆነው የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ጋሽ እንድሪስን። አቶ ፍሰሐን። ወይዘሮ ዘሀራን። መሬት ያላየ አልነበረም። መጨረሻ ላይ እኔ ላይ ደረሱ፤ እኔ ግን መሬት ማየት አቅቶኝ ቀና እንዳልኩ ነበርኩ።

«ትናንት ጠይቄሽ ነበር» አሉኝ፤ ጥርት ባለው የጣቢያ ድምፃቸው።

ጋሽ እንድሪስ «ሽታዬ፣ እህቴ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን» ብለው ጀመሩ። የቀረውን ያለቀሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሥራ ሁለቱ ወንበሮች እዚያው እንደቆሙ ለለቀስተኛ ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሊሆን ነው። «ገና ያልሰሙ»ን ሦስት ጊዜ ሰበርኩት። ባለ ዲግሪዎቹ ሦስት ጊዜ መለሱት፤ በሦስተኛው እኔን ፋቁኝ። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። አሁን ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው። የሠርጉ ዘዴም አንድ ክረምት ብቻ ሠራ፤ ሌሎች ከተሞች ሰምተው ስለተጠቀሙበት ነጥቧ ተማረችው። ዛሬ ባለ ሪዝ ሽማግሌ ቬሎ ፊት ከቆመ ግድግዳው ሰው እንደሞተ ያውቃል። ሕዝቡ ወደ ፎጣው ተመልሷል።

እትዬ ሽታዬ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው ከቤት የወጡት። መፋቂያውን ሰሌዳ ይዤ ጠበቅኋቸው፤ የግቢያችን ግድግዳ ለአዲስ ተጋቢዎች አልጋ ዘርግቶ ነበር። ነጥቧ ሠርግ አይታለች፤ ከሠርግ ቀጥሎ ትዳር፣ ከትዳር ቀጥሎ ልጅ እንደሚመጣ ታውቃለች። ሞት ግን አልገባትም፤ በእነዚያ ቀናት ማንም ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

«እዚህ ጋ በጣትዎ ይንኩት እትዬ። ይጠፋል።»

«ማን ነው የሚጠፋው?»

አልጋውን አሥር እስኪቆጠር አዩት።

«ተይው» አሉ።

በዓመቱ ግድግዳው የሕፃን አልጋ አመጣ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ አያት ሆኑ» አላቸው። ቀጥሎ ጥርስ ለሚያወጣ ልጅ ማኘኪያ፣ ቀጥሎ ድክ ድክ ለሚል ልጅ ጫማ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ ይገባሉ። ገዝተው አያውቁም። አንድ ቀን ከጎናቸው ቆሜ ሳለ ሳይዞሩ ተናገሩኝ።

«አበደች እንዳትዪ። ልጄ መሞቱን አውቃለሁ፤ መቃብሩን በእጄ ነው የማርመው።»

«አላልኩም እትዬ።»

«ሰው ስሙን ማንሳት ትቷል። የሚያስከፋኝ መስሏቸው ነው፤ እኔን ሲያዩ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ይኼ ወሬኛ ብቻ ነው ዕድሜውን የሚቆጥርልኝ።»

ይቅር ብለውኛል? አልጠየቅሁም። የቤት ኪራይ አልጨመሩብኝም፤ ልብስ ሳወርድ ግን ከመስኮቱ የሚጠራኝ ድምፅ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የለም።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ታመሙ። ጉልበታቸው ነው ሲባል ሳንባቸው ሆነ፤ ማኅሌት መጥታ አስታመመቻቸው። ሃያ ስምንተኛው ቀን ላይ ገንፎ ይዤ ገባሁ። ወደ መስኮቱ ዞረው ተኝተዋል።

«ዛሬ ስንት ቀን ሆነኝ?» አሉ።

«ሃያ ስምንት።»

«ወር ሊሞላው ነው።»

ገንፎውን አስቀመጥኩ። ማኅሌት ምን ማለታቸው እንደሆነ በዓይኗ ጠየቀችኝ፤ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። በር ላይ ስደርስ ነው ከኋላዬ የሰማሁት፤ ቀጭን ሆኗል፣ ግን የጣቢያው ድምፅ ነው።

«ተሳፋሪ ትርንጎ።»

«አቤት።»

«አንቺ የዚህ ግቢ ሰው ነሽ አይደል?»

ወጣሁ። ወር ካላዩት ግድግዳው ይተዋቸዋል፤ የግቢው ሰው ዓይን ግን ለእሳቸውም ይቆጠራል። ሰዎች እየተሸማቀቁ ያልፋሉ፤ አንዱ መሬት መሬት ያያል። ከግቢያችን ግድግዳ ፊት ቆምኩ፤ መጀመሪያ ምንም አላሳየኝም፣ ቀስ ብሎ ለየኝ። ሰማያዊ የልጅ ጫማ፣ ቁጥር ሃያ አምስት፣ ክሩን ማሰር ገና ለማይችል ልጅ።

ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት ድረስ ደህና ነበርኩ። ሰባት ላይ ጫማው ደበዘዘብኝ።

ዓይኔን ጠረግሁና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።